ባቡሩ አንኮበርን ለምን አለፋት? በባሕር ጠረፍ ያለ አንድ ጣቢያ ለሰሜን ሸዋ ምን ትርጉም እንደነበረው

ባለፈው ኅዳር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ አንኮበር ወጥቼ ነበር። ከደብረ ብርሃን በጠዋት ተነስተን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ የመጨረሻውን ዳገት በእግራችን ወጥተን የሸዋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ከነበረበት ኮረብታ ስንደርስ ጉሙ አልተገለጠም ነበር። ከጥንቱ ግቢ የተረፈውን የድንጋይ ግንብ እየዳሰስን ቆየን። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ጉሙ ተነሳና ምሥራቁ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ከእግራችን ሥር ገደሉ፣ ከገደሉ በታች እርከን እርከን የሆነው የይፋት ቆላ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በአቧራ የደበዘዘው የአፋር ሜዳ ታየ።

አንዲት ተማሪ ጣቷን ወደዚያ ቀስራ፣ «ቲቸር፣ ባሕሩ በዚያ በኩል ከሆነ ባቡሩ ለምን በዚህ አልመጣም?» አለችኝ።

እኔም ስሰማ ያደግሁትን መለስኩላት። አጤ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ስለሄዱ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡርም ተከትሏቸው ሄደ አልኳት። ልጅቱ ራሷን ነቅንቃ ዝም አለች። መልሱ ግን ለእኔው ለራሴ አልተዋጠልኝም። ያገራችን ሰው ይህን ነገር ሲያወራ አንኮበር የተረሳች፣ የተከዳች አድርጎ ነው። አያቴም እንዲሁ ይሉ ነበር። እውነት ተረስታ ነው? ወይስ ሌላ ምክንያት አለ? ከዚያ ቀን በኋላ የማውቀውን እያሰባሰብኩ፣ ያልገባኝን እየጠየቅሁ፣ ተማሪዎቹንም ቁልቁለቱን እያስለካሁ የደረስኩበትን እዚህ ጽፌዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ሐዲድ የሌለው ጣቢያ

ባቡር ጣቢያ ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ሕንፃው ነው። በሥራው ካየነው ግን ጣቢያ ማለት ጭነት ከአንዱ ተሸካሚ ወርዶ በሌላው ላይ የሚጫንበት፣ ቀረጥ የሚከፈልበት፣ መንገደኛ የሚያድርበትና የሩቅ አገር ወሬ ቀድሞ የሚሰማበት ቦታ ነው። እንዲህ ከሆነ ሰሜን ሸዋ ከባቡር በፊት ጣቢያ ነበራት። ያውም ሁለት፤ ፋሬና አልዩ አምባ።

ዛሬ በጅቡቲ ካለው ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚነሳው የግመል ቅፍለት የአፋርን ምድር አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ ፋሬ ይደርሳል። ፋሬ የሸዋ መንግሥት የመጀመሪያ ኬላ ነበረች። የይፋት ገዥ ወላስማ በዚያ በኩል የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጣጠር ነበር። ከፋሬ በላይ ግመል አይዘልቅም። ጭነቱ ይወርድና በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ዳገቱን ይጀምራል። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ገጸ በረከት ይዞ ሲመጣ ዕቃው የወጣው በዚሁ መንገድ፣ በብዙ ሰው ሸክም ነበር። በተከታዩ ዓመት በኅዳር ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ፈረንሳዮችም ብዙ ሳይቆዩ የራሳቸውን ውል ተዋዋሉ። ሁለት የአውሮፓ መንግሥታት የአንኮበርን ደጅ የጠኑት በዚያ ቁልቁለት ጫፍ ላይ ባሕር ስላለ ነው።

አልዩ አምባ ደግሞ ከአንኮበር ሥር የምትገኝ ትልቋ ገበያ ነበረች። የሐረር፣ የአፋር፣ የአርጎባና የደገኛው ነጋዴ እዚያ ይገናኛል። ጨው ከቆላ ይወጣል፤ እህልና ሸማ ከደጋ ይወርዳል። የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ዝባድ ወደ ባሕር ይሄዳል፤ ጨርቃ ጨርቅ፣ መዳብና መሣሪያ ከባሕር ይመጣል። አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር ጎን ለጎን ይቆጠራሉ። ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ፊታቸው ይለዋወጣል፤ መለዋወጡም ተገቢ ነው። ስለ አልዩ አምባ ድምቀት የሚያወራ ሰው በዚያው መንገድ በሲራራ ነጋዴ ተነድተው ወደ ባሕር የወረዱትን ወንዶችና ሴቶች ዘልሎ ማለፍ የለበትም።

የ1879 ዓመት

ጉዳዩን ደጋግሜ ሳገላብጠው ነገሩ የተወሰነው ሐዲድ መነጠፍ ከመጀመሩ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሆኖ አገኘሁት። ዓመቱ 1879 ነው።

ያን ጊዜ ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ የሚባል ነጋዴ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ መሣሪያ ይዞ ታጁራ ተቀምጦ ነበር። ጭነቱ 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ነው። ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ባሕሩ ጠረፍ ላይ ባከነ። በዚህ መሃል አንዱ ሸሪኩ ታሞ ሞተ፤ አብሮ ሊጓዝ የነበረው ሌላው ነጋዴም እንዲሁ። በጥቅምት 1879 ብቻውን ቅፍለቱን አስነስቶ አንኮበር የደረሰው በጥር መጨረሻ ነው። ከባሕር እስከ አንኮበር አራት ወር መሆኑ ነው። ሲደርስ ንጉሡ የሉም፤ ወደ ሐረር ዘምተዋል። የሞተው ሸሪኩ ባለዕዳ ስለነበር አበዳሪዎች ከበቡት። ንጉሡን ለማግኘት እንጦጦ ድረስ መሄድ ግድ ሆነበት።

በዚያው ዓመት ንጉሥ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ። በዚያው ዓመት በኅዳር እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ራምቦም ሒሳቡን ጨርሶ ሲመለስ በመጣበት በታጁራ መንገድ አልሄደም። ቦሬሊ ከተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ጋር ሆኖ በሐረር በኩል ወረደ።

የዚህን ሰው ጉዞ ለተማሪዎቼ ካርታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሳልኩላቸው። የመምጫው መስመር ታጁራ፣ ፋሬ፣ አንኮበር ነው። የመሄጃው እንጦጦ፣ ሐረር፣ ባሕር። አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በአሮጌው በር ገብቶ በአዲሱ ወጣ። ሐረር በሸዋ እጅ ስትገባ ወደ ባሕር የሚወስደው ዋና መንገድ አቅጣጫውን ቀየረ። ከዚያ ወዲያ አንኮበር መናገሻ ሆና ብትቀጥል እንኳ ንግዱ በደቡብ በኩል መዞሩ የሚቀር አይመስለኝም።

በባሕሩ ጠረፍ ያለው ጫፍ

የባቡሩ ነገር የተጠነሰሰው ግን በአንኮበር በኩል በገባ ሰው ነው። ይህን ልጆቻችን አያውቁም፤ እኔም በተማርኩበት ክፍል አልተነገረኝም። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ምኒልክ ባለሙያ እንዲላክላቸው ጠይቀው በ1871 የመጣው አንኮበር ነው። ዓመታት በቤተ መንግሥቱ ሠርቶ አማካሪ ሆነ። መጋቢት 1 ቀን 1886 የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት ለ99 ዓመት የሚቆይ ፈቃድ የተሰጠው ለእርሱ ነው። ከታጁራ እስከ ሸዋ ያለውን መንገድ በመሣሪያ ንግድ ጠንቅቆ ያውቅ የነበረው ፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔም አብሮት ነበር። ሁለቱም የአንኮበርን ቁልቁለት በእግራቸውና በበቅሎ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ሳያውቁት ዘለሉት አይባልም።

ፈቃዱ መስመሩን በሦስት ክፍል ይዘረዝረዋል፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ። የመነሻው ስም ጅቡቲ መሆኑን ልብ በሉ። ታጁራ አይደለችም፤ ኦቦክም አይደለችም። ጅቡቲ ያን ጊዜ ገና ልጅ ከተማ ነበረች። ፈረንሳዮች ከኦቦክ ተነስተው ወደዚያ መዛወር የጀመሩት በ1880 ዓ.ም. ገደማ ነው። ወደቡ የተሻለ ነው፤ ቦታው ደግሞ ከባሕረ ሰላጤው በስተደቡብ በኩል ነው። ታጁራ በሰሜኑ ዳርቻ ያለች፣ ከኋላዋ የጎዳ ተራራ የቆመባት ጥንታዊ ከተማ ናት። ከታጁራ ወደ ሐረር የሚሄድ ሰው ባሕረ ሰላጤውን መዞር አለበት፤ ከጅቡቲ ግን ፊት ለፊት ነው። በመጋቢት 1889 ፈረንሳይና ኢትዮጵያ ሲዋዋሉ ጅቡቲ የኢትዮጵያ የንግድ መውጫ ተብላ ታወቀች።

ስለዚህ አንኮበርን ያለፋት ውሳኔ አንኮበር ላይ የተወሰነ አይደለም። ባሕሩ ዳር የሚቆመው ጣቢያ ታጁራ ላይ ቢሆን ኖሮ መሐንዲሶቹ ቢያንስ የይፋትን መንገድ ለመለካት ይገደዱ ነበር። ጣቢያው ደቡብ ዳርቻ ላይ ሲተከል የመስመሩ ሁሉ አቅጣጫ አብሮ ተተከለ። የጉዳዩ ሥር እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል።

ሥራው በጥቅምት 1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጠባብ ሐዲድ ነው። ከባሕሩ ጠርዝ ወጥቶ ገና ብዙ ሳይርቅ ሸለቆዎች ስለሚያጋጥሙት ሸበሌና ሆልሆል ላይ ረጃጅም የብረት ድልድዮች ተሠሩ። በታኅሣሥ 1895 ድሬዳዋ ደረሰ።

ድሬዳዋ ማለት ያን ጊዜ ሜዳ ናት። ውሉ ሐረር ነበር የሚለው፤ ባቡሩ ግን ሐረርን አልወጣም። ሐረር በ1,900 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ድሬዳዋ በ1,200። በመካከላቸው የደንገጎ ዳገት አለ። ኩባንያው ገንዘብም ጊዜም አጥሮት ተራራውን ትቶ ከግርጌው ቆመና አዲሱ ቦታ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ይህን ሳነብ ስለ አንኮበር የነበረኝ ቅሬታ ቀለል አለልኝ። ስሟ በውሉ ላይ የተጻፈላት፣ ለዘመናት የምሥራቁ ንግድ እምብርት የነበረችው ሐረር ከታለፈች፣ በውሉ ያልነበረች አንኮበር ብትታለፍ ምን ይደንቃል?

የዳገቱ ሒሳብ

ተማሪዎቼ ግን «ዳገት ነው» በሚል መልስ ብቻ አልረኩም። በሬና በቅሎ የሚወጣውን ባቡር እንዴት አቃተው ይላሉ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስቱን ይዤ ተመለስኩ። አንድ የሠፈር ግንበኛ የሚሠራበትን የውሃ ልክ አዋሰን፤ ቀጭን፣ ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፣ ውሃ ተሞልቶ ሁለቱ ጫፎች ሲያዙ በሁለቱም በኩል ውሃው እኩል ይቆማል። አሥር ሜትር ገመድና ሁለት ረጃጅም ዘንግ ጨመርንበት።

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው የእግር መንገድ ላይ አንዱ ተማሪ ከላይ፣ አንዱ ከታች ቱቦውን ይዘው ቆሙ። ሦስተኛው ልዩነቱን በሜትር እያነበበ ደብተር ላይ ያሰፍራል። ገመዱን አሥር ጊዜ አዛወርነው። መቶ ሜትር በሄድን ከ20 ሜትር በላይ ወርደናል። አንዱ ልጅ ከታች ሆኖ ቱቦውን ሲይዝ የላይኛውን ልጅ ጫማ እንጂ ፊቱን ማየት አልቻለም ነበር።

የዚያ ዘመን የእንፋሎት ባቡር በመቶ ሜትር ሁለት ሜትር ተኩል ወይም ሦስት ሜትር ከወጣ ብዙ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል፤ ፉርጎ የመጎተት አቅሙም ይከዳዋል። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የአዋሽ ሸለቆ በዚያ በኩል ከ1,000 ሜትር በታች ነው፤ አንኮበር ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። መውጣት ያለበት 1,500 ሜትር ነው። በየመቶው ሁለት ሜትር ተኩል ብንሰጠው ያለ ዕረፍት 60 ኪሎ ሜትር የሚጠማዘዝ ሐዲድ ይፈልጋል፤ ያውም ለግመል እንኳ ባልተመቸ ገደል ጎን ለጎን፣ በየሸለቆው ድልድይ፣ በየአፋፉ ዋሻ እየተሠራለት። አንኮበር ከደረሰም በኋላ አልጨረሰም፤ ከዚያ በላይ የደብረ ብርሃን ደጋ ይጠብቀዋል። ያ ገደል ምን እንደሚጠይቅ ለማየት ከአንኮበር ወደ ሰሜን ሄዶ ጣርማ በርን ማየት ይበቃል። በወረራው ዘመን ጣሊያን ለመኪና መንገድ ብሎ ተራራውን ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ወጋው፤ ዋሻው ዛሬም ያገለግላል። ይህ ግን ከባቡሩ ሥራ አርባ ዓመት በኋላ፣ ዳገት ለሚችል ለመኪና የተሠራ ነው።

በአዋሽ በኩል ግን መሬቱ ራሱ መንገድ አዘጋጅቷል። ከአዋሽ ጣቢያ እስከ አዲስ አበባ ልዩነቱ ተመሳሳይ ነው፤ ወደ 1,450 ሜትር። ግን ባቡሩ ይህን የሚወጣው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ርቀት፣ በመተሐራ፣ በወለንጪቲ፣ በናዝሬት፣ በሞጆ፣ በደብረ ዘይትና በአቃቂ ቀስ እያለ ነው። ልጆቹ ሁለቱን ቁጥሮች ደብተራቸው ላይ ጎን ለጎን ሲጽፉ ጥያቄው አለቀላቸው። እኔም ያን ቀን ነው ሙሉ በሙሉ የተረዳሁት።

ፖለቲካው ምንም አላደረገም ማለቴ አይደለም። በ1894 ኩባንያው ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር አጤ ምኒልክ ሳያውቁ ሲዋዋል ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጡ፤ ሐዲዱም ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። ኩባንያው ከሰረ። በጥር 1900 አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ ሥራው በሌላ ኩባንያ ቀጠለ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። መስመሩ በሙሉ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። እነዚያ የቆመባቸው ዓመታት የሸዋን ነጋዴ ወደ ታጁራ አልመለሱትም። ግመሉ ራሱ ድሬዳዋ ድረስ እየወረደ ከባቡር ላይ ይጭን ጀመር።

ሦስቱ ጣቢያዎች

የሕንፃው ነገር ለብቻው ይገርመኛል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገና ወጣት ሳለሁ ከድሬዳዋ ጅቡቲ በዚያ በአሮጌው ባቡር ወርጃለሁ። ያን ጊዜ ስለ አንኮበር አላሰብኩም ነበር፤ የማስበው ስለ ሙቀቱ ነው። ፉርጎው ውስጥ ጫት የያዙ ሴቶች፣ ዶሮ፣ ጀሪካን፣ ሕፃናት ተደራርበን ነው የሄድነው። ከባሕሩ ስንቀርብ ነፋሱ ተለወጠ፤ ከንፈሬ ጨው ጨው አለኝ።

የጥንቷን ጅቡቲ ቤት የሠራው ሰው የተዋጋው ከፀሐይና ከጨው ጋር ነው። አሮጌዎቹ ግንቦች ከባሕር በተቆረጠ የኮራል ድንጋይ የተሠሩና በኖራ የተለሰኑ ናቸው። መስኮቱ መስታወት ሳይሆን አየር የሚያሳልፍ የእንጨት ክንፍ ነው። ከፊት ለፊት በቅስት የተደረደረ ጥልቅ በረንዳ አለ፤ መንገደኛው ከቤት ሳይወጣ በጥላ ከሱቅ ሱቅ ይሄዳል። ዋናው አደባባይ ለብዙ ዘመን የምኒልክ አደባባይ ይባል ነበር። ሐዲዱ እስከ ወደቡ ስለሚዘልቅ ከመርከብ የወረደው ዕቃ ብዙ ሳይንከራተት ፉርጎ ላይ ይወጣል። ፋሬ ላይ ከግመል ወርዶ በሰው ትከሻ የሚወጣው ጭነት እዚህ በክሬን ተነስቷል።

ድሬዳዋ ደግሞ ሙሉ ከተማዋ የጣቢያው ልጅ ናት። ከዚራ የተባለው ሠፈር ቀጥ ቀጥ ያሉ ጥላማ ጎዳናዎች ያሉት በባቡር ሰዎች የተነደፈ ነው፤ ከደቻቱ ማዶ መጋላ በራሱ መንገድ አድጓል። የጥገና ሥራ ቤቶቹ ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ሽማግሌ መካኒኮች ነበሩ፤ የመፍቻውንም የብሎኑንም ስም በፈረንሳይኛ ነው የሚጠሩት።

አዲስ አበባ ስትደርሱ ሕንፃው ጠባዩን ይቀይራል። ባቡሩ ከገባ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1922 የተመረቀው ጣቢያ በፈረንሳዊ አርክቴክት የተነደፈ ባለ ፎቅ ሕንፃ ነው። እዚህ ብርድ እንጂ ሙቀት አያስፈራም። ሕንፃው መንገደኛን ለማስጠለል ብቻ አልተሠራም፤ ከፊቱ ሰፊ መንገድ ተዘርግቶለት ወደ ከተማይቱ እያየ ቆሟል። በ1923 ለንግሥ በዓሉ ሰሞን የሞዓ አንበሳ ሐውልት ከፊቱ ቆመ፤ ጣሊያን ወስዶ ሮም ላይ ተከለው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰ። ላ ጋር የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል በእኛ አፍ ለገሃር ሆኖ የሠፈሩ ስም ሆነ።

መጀመሪያ ላይ ባቡሩ የሚሄደው ቀን ቀን ብቻ ነበር። ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደረ ከባሕር አዲስ አበባ በሦስት ቀን ይገባል። ራምቦ አራት ወር ፈጅቶበታል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም።

አልዩ አምባ ላይ

የመጨረሻው ጉዟችን ወደ ታች ነበር። ልጆቹ የለኩትን ቁልቁለት እስከ መጨረሻው መውረድ ፈለጉ። ጉልበታችን እየተንቀጠቀጠ አልዩ አምባ ደረስን። ሙቀቱ ከአንኮበር ፍጹም የተለየ ነው፤ ጋቢያችንን አውልቀን ትከሻችን ላይ ጣልነው።

አንድ አዛውንት ሸማኔ ቤታቸው በራፍ ላይ ሲሠሩ አገኘን። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተው መወርወሪያውን ግራ ቀኝ ይወረውራሉ። ከተማሪዎቼ አንዱ ቁጢጥ ብሎ፣ «አባባ፣ ድሮ እዚህ ትልቅ ገበያ ነበር ይባላል፤ ምን አጠፋው?» አላቸው።

ሽማግሌው ወዲያው አልመለሱም። ማጉን ገፍተው ሁለት ሦስቴ ከመቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ አባቴ ሲያወሩ አቡጀዲ ነው ይሉ ነበር» አሉ። «በባቡር የመጣው የፋብሪካ ጨርቅ፣ አቡጀዲው፣ በአዲስ አበባ ዞሮ ከላይ ወረደብን። ድሮ የባሕር ዕቃ ከታች ነው የሚመጣው፤ እኛ ቀድመን አይተን ነው ደገኛው የሚያየው። በኋላ ደገኛው አይቶ የተረፈው ለእኛ ይመጣ ጀመር።»

ይህን ነገር በማንም መጽሐፍ እንዲህ ጥርት ብሎ አላነበብኩትም። አልዩ አምባ ባዶ አልቀረችም፤ ዛሬም ገበያ አላት፣ ሰው ይነግድባታል። የተለወጠው ከየት በኩል ፊተኛ እንደሆነች ነው። ከባሕር ሲቆጠር የሸዋ መጀመሪያ የነበረችው ከአዲስ አበባ ሲቆጠር መጨረሻ ሆነች። ከተማዋ ንቅንቅ አላለችም፤ ጣቢያው ባሕሩ ዳር ላይ ቦታ ሲለውጥ የእሷ ፊትና ኋላ ተገለበጠ።

ከእሳቸው ስንለይ ስለ አዲሶቹ ሐዲዶች ጠየቁኝ። መስከረም 25 ቀን 2009 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነ ሐዲድ ያለው ነው፤ እሱም የአዋሽን በር ይዞ ነው የሚሄደው። ጣቢያዎቹ ከከተማ ውጭ ስለሆኑ ለገሃርን የመሰለ ሠፈር ገና አልወለዱም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ሌላው ደግሞ የቱርኩ ያፒ መርከዚ ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የዘረጋው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መስመር ነው። እሱ በእኛው ቆላ፣ በሸዋ ሮቢት በኩል ያልፋል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሐዲድ ሰሜን ሸዋ ሲገባ የመረጠው ከገደሉ ሥር ያለውን ሜዳ ነው። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲህ መሬቱ እንዳለው ነው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ትምህርት ቤት ስንመለስ ለአምስቱ ልጆች አንድ ሥራ ሰጠኋቸው። የድሮዋን አልዩ አምባ እንደ ባቡር ጣቢያ አድርጋችሁ ንደፉ አልኳቸው። በትልቅ ወረቀት ላይ ሠሩት። ግመሎቹ የሚንበረከኩበትን ሜዳ «መድረሻ መድረክ» ብለው ጻፉ። የአህዮቹን መነሻ በሌላው ጎን አደረጉ። ቀረጥ የሚከፈልበትን ቦታ በበሩ ላይ፣ የጨው መከመሪያውን ዕቃ ቤት አድርገው፣ የሐረር ነጋዴዎችን ሠፈር የመንገደኛ ማረፊያ አድርገው አስቀመጡ። ለተሸጡት ሰዎች ምን እናድርግ ብለው ረጅም ጊዜ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ከቀረጥ መክፈያው አጠገብ አንድ ባዶ አራት ማዕዘን ትተው ምንም ሳይጽፉበት ቀሩ። እኔም አልነካሁባቸውም።

ያቺ ኮረብታው ላይ የጠየቀችኝ ልጅ ጣቢያው ግንባሩ ላይ ሰዓት እንደሚያስፈልገው ታውቃለች፤ የለገሃርን ፎቶ አሳይቻቸው ነበር። ክቡን በኮምፓስ ሣለችው፤ ዘንጎቹን ግን አላደረገችበትም። እዚያ የሚመጣው ሁሉ ስንት ሰዓት ብሎ አይመጣም ነበር አለችኝ። ከዚያ በክቡ መሃል በቀይ እስክሪብቶ «የገበያ ቀን» ብላ ጻፈችበት።